ለስንዱ የተነገረ ፎቶ

ኤልቃና የተገኘው ከድንጋዩ ቅስት ሥር፣ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ካሜራውን እንደ ታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎታል። አጠገቡ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቋል። የገደሉ ግድግዳ በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ቀይ፣ ሣር የማይበቅልበት ነው። ከላይ ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያያይዘው ቅስት ደግሞ አናጺ የሠራው በር ይመስላል፣ በውስጡ ሰማይ ይታያል። ኤልቃና ከሰበታ ተነሥቶ እስከዚያ በረሃ፣ እስከዚያ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ የሄደው ፀሐይ ስትወጣ ያንን ቅስት ፎቶ ለማንሣት ነበር። አንሥቶታልም። ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው።

የአካባቢው ፖሊስ ደርሶ ሬሳውን አነሣ፤ የተጓዦቹን መሪ ኢብሮን አሠረ። ምክንያቱ አጭር ነው። ኢብሮ ዋዜማውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቻውን ወደ ቅስቱ ጥግ ወጥቶ ፎቶ አንሺ የሚቆምበትን ቦታ ፈትሾ፣ «ድንጋዩ ጽኑ ነው» ብሎ ለሁሉም ተናግሯል። ያው ድንጋይ በማግስቱ ሰው ይዞ ወረደ። ራት ላይ ደግሞ ኤልቃና «ጎህ ሲቀድ ብቻዬን እወጣለሁ» ሲል ኢብሮ ተቆጥቶ «ያለ እኔ ከወጣህ የራስህ ጉዳይ» ብሎት ነበር። ፖሊሶቹ ይህን እንደ ዛቻ ያዙት። ሰው ከሞተ በኋላ ትናንት የተባለው ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምን ይደረግ።

መዝገቡ ወደ ሰበታ የተላከው ምስክሮቹ የሰበታ ሰዎች ስለሆኑ ብቻ ነበር። ቃላቸውን ተቀብላችሁ መልሱልን የሚል ነው ትእዛዙ። ሥራው ዐቃቤ ሕግ ስንዱ ላይ ወደቀ።

ስንዱ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኖቿ አያዩም። ለትምህርት ሰበታ መጥታ እዚያው ቀረች። ሰበታ ደግሞ ለዓይነ ስውር ሰው የራሷ ጠባይ አላት። ትምህርት ቤቱ እዚያ ስላለ ነጭ በትር የያዘ ሰው ብርቅ አይደለምና ልጅ አዋቂው መንገድ መናገር ለምዷል። «በቀኝ ቦይ አለ»፣ «አሸዋ ተደፍቷል፣ ወደኔ ይጠጉ»፣ «ባጃጅ እየመጣ ነው» ይባላል። ማንም አስቦ አይለውም፤ ከአፉ ይወጣል፣ እሱም መንገዱን ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ስንዱን ይህ ያናድዳታል፤ መንገዱን ከተናጋሪዎቹ ይልቅ እሷ ታውቀዋለችና።

የዚያን ሰሞን ግን የሚያናድዳት ሌላ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ገና መዝገቡን ሲሰጣት፣ ነገሩ ያለቀለት እንደሆነና እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንድትመልሰው ነገራት። አክሎም፣ ክፉ ሰው ስላልሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጉዳዩ የፎቶ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ሰው ሊሰጠው እንደሚችል ተናገረ። ስንዱ መዝገቡን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች።

በር ላይ ራዲያ ጠበቀቻት። ራዲያ የኢብሮ ሚስት ናት፤ ገበያው አጠገብ ጫማ ትሸጣለች። ባሏ የታሰረበት ቦታ ሩቅ በመሆኑ ምግብ እንኳ ልታደርስለት አልቻለችም፣ ስልክም አያነሣም። ዐቃቤ ሕጓ መዝገቡን እንዲሁ ከመለሰችው ኢብሮ በነፍስ ግድያ እንደሚከሰስ ሰምታለች።

«እትዬ ስንዱ፣ ኢብሮን አያውቁትም» አለች። «አባቴ ቤት ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ወንበሩን ሳይነቀንቅ አልተቀመጠም። ዘመድ ሁሉ ነው የሳቀበት። እሱ ጽኑ ነው ካለ ጽኑ ነው።»

«ይኼ ማስረጃ አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለች ራዲያ። «ግን እውነት ነው።»

ተጓዦቹ ለዓመታት አብረው የሄዱ ወዳጆች ናቸው። በወጨጫ ተራራ ጀመሩ፣ ከሱሉልታ ማዶ ወዳሉት ገደሎች ተሻገሩ፣ ኋላም የበረሃ ፓርኮችን ለመዱ። በመጨረሻው ጉዞ አምስት ነበሩ። ኤልቃና ሰበታ መሐል ፎቶ ቤት ነበረው። አማኑ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ከኤልቃና ጋር በአንድ ካሜራ ተምረው ያደጉ ናቸው፣ በጉዞው ላይም በአንድ ድንኳን ያድራሉ። ማርቲ የባንክ ሠራተኛ ናት። ኢብሮ መሪያቸው፣ ኦቦ ጎበና ደግሞ ሾፌራቸው ናቸው። ሌላ ሰው በዚያ ገደል አልነበረም። ኤልቃና ከወደቀ በኋላም የፓርኩ ጠባቂዎች ከልክለው ወደ ቅስቱ ጥግ የወጣ የለም፤ ፖሊሶቹም ከታች ሆነው ነው የተመለሱት። ያ ጥግ ከወንዙ አሸዋ ላይ ቀና ቢሉ አይታይም።

ስንዱ የመጀመሪያውን ቀን በከንቱ ጨረሰች። ረዳቷ ሳጅን ሶያማ በኤልቃና ካሜራ ውስጥ የተገኘውን የመጨረሻ ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ይዞ መጣ። ምን እንደሚታይበት ጠየቀችው። ሶያማ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንድ የድንጋይ ቅስት፣ መጠነኛ ብርሃን፣ በርቀት ተራራ መኖሩን እንደ ሪፖርት ዘረዘረላት። ስንዱ ግንባሯን ያዘች።

«ሶያማ፣ ይኼን ከመዝገቡም ሰምቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው ሰውየው የት ቆሞ እንዳነሣው ነው።»

«ፎቶው እሱን አያሳይም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለእያንዳንዳቸው ስጣቸው። ለኔ ይንገሩኝ።»

ማርቲ መጀመሪያ መጣች። እያለቀሰችም ቢሆን የምታየውን አሳምራ ተናገረች። ፎቶው ከቅስቱ ሥር ወደ ላይ የተነሣ ነው፤ የቅስቱ ሆድ ገና በወጣችው ፀሐይ ቀልቷል፣ በውስጡ ሩቅ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። የቆመበት ቦታ በፎቶው የለም። ስትጨርስ ዋዜማውን ከሩቅ ሆና ኢብሮን በረጅም ሌንስ እንዳነሣችው ተናገረች። ጥጉ ከአሸዋው ስለማይታይ ከገደሉ ወዲያ ማዶ ካለ ኮረብታ ላይ ወጥታ ነበር። ኢብሮ ድንጋዩን ሲፈትሽ እየዘለለበት ነበር፤ ስቃበታለች። ፎቶውን ለአካባቢው ፖሊስ ብታሳይም የዘለለው በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሆነ አይለይም ብለው መልሰውላታል።

ሶያማ የማርቲን ፎቶ ከተላከው የሬሳ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አፈጠጠ። ኢብሮ የዘለለበት ድንጋይ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ነጭ መስመር አለ። ከኤልቃና ሬሳ አጠገብ የወደቀው ድንጋይ ላይም ያው መስመር አለ። ይህ ስንዱን አስደሰታት፤ ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ለኃላፊው ስትነግረው፣ ድንጋይ ዛሬ ጽኑ ሆኖ ነገ ቢከዳ ምን ይገርማል፣ ይልቅ መዝገቡ አልቋል ወይ ብሎ ጠየቃት።

ቀጥለው ኦቦ ጎበና ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ኦቦ ጎበና፣ ፎቶው ላይ ምን ይታይዎታል?»

«ድንጋይ።»

«ሌላስ?»

«ቀዳዳ ያለው ድንጋይ።» ትንሽ አሰቡ። «እኔን የሚገርመኝ ሰበታ ድንጋይ ጠፍቶ ነው እዚያ ድረስ የሚኬደው?»

ሶያማ ሳቁን ዋጠ። ስንዱም ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራት። ሽማግሌው ግን ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆመው ማጉረምረም ጀመሩ። የመኪናቸውን የጎማ መፍቻ ብረት ሁልጊዜ በጨርቅ ጠቅልለው ከመቀመጫቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት። ኤልቃና በሞተ ጠዋት ሲፈልጉት ከጓዝ መሐል ተጥሎ አገኙት፤ ጨርቁ የለም፣ ጫፉ ተፍቆ ቀይ ትቢያ ይዟል። ማን እንደነካው ቢጠይቁ የነካሁ የሚል ጠፋ።

«ማል ጎና? ምን ይደረግ?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ሰው ሞቶ ስለ ብረት ይጠየቃል? ዝም አልኩ።»

የመጨረሻው አማኑ ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ ጨዋ ልጅ ነው። በዚያ ጉዞ ጉልበቱን አሞት ስለነበር ከድንኳኑ ብዙም እንዳልራቀ፣ ወደ ቅስቱ ጥግ አንድም ቀን እንዳልወጣ፣ ኤልቃና ሲነሣም እንቅልፍ ላይ እንደነበር አስመዘገበ። ፎቶው ሲሰጠው እንደ ሌሎቹ ከሩቅ አልተናገረም። ወንበሩን አስጠግቶ «ይፍቀዱልኝ» አለና የስንዱን ጣት ይዞ በወረቀቱ ላይ አስኬደው።

«ቅስቱ ከዚህ ይነሣና እዚህ ያርፋል። ይኼ ሰማዩ ነው። ተራሮቹ እዚህ ታች ናቸው።» ጣቷን ወደ ራሷ ሳበው። «ኤልቃና የቆመው እዚህ ጋ ይሆናል፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ደግፎ፣ ግራ ጉልበቱን ጎድጓዳው ውስጥ ከትቶ። ቀኝ በኩል ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ትነቃነቃለች፣ እሷን እንዳይረግጡ።»

ስንዱ አመሰገነችው። አማኑ ለኤልቃና እያዘነ፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ምንም አልተገኘም። ስንዱ የአካባቢውን ፖሊስ ስልክ ደጋግማ ብትሞክር መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲገኝም ስልክ አንሺው ሌላ ሰው ልጥራ ይልና ይጠፋል። ራዲያ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትቆማለች። ኃላፊው በስንዱ ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፍ ጣቱን መዝገቡ ላይ መታ መታ ያደርጋል። ስንዱ በገዛ ራሷ ተበሳጨች፤ የሆነ ነገር በጆሮዋ ገብቶ የት እንደተቀመጠ ጠፍቶባታል።

በመጨረሻው ቀን ሶያማን የአማኑን ቃል እንዲያነብላት አዘዘችው። ሶያማ አነበበ። ጉልበቱን መታመሙ፣ መተኛቱ፣ ፎቶውን ማብራራቱ አለ። አለቀ።

«ድንጋዩስ?» አለች ስንዱ።

«የቱ ድንጋይ?»

«እንዳልረግጥ የነገረኝ።»

ሶያማ ወረቀቱን አገላበጠ። «እሱማ ለእርስዎ የተነገረ ነው ብዬ አልጻፍኩትም። ሁልጊዜ ሰው ይልዎት የለ፣ ቦይ አለ፣ ድንጋይ አለ...» አለና ድምፁ በመሐል ቆመ።

ስንዱ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አማኑ ጣቷን ይዞ ሲያስኬደው የነበረውን አስታወሰች። ቅስቱ ላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ ተራሮቹ ላይ ከጣቷ ሥር ወረቀት ነበር። «ኤልቃና የቆመው እዚህ ጋ ይሆናል» ሲላት ግን የነካችው የጠረጴዛውን እንጨት ነው።

ሁሉንም ከሰዓት በኋላ በኤልቃና ፎቶ ቤት ሰበሰበቻቸው። ቁልፉን የኤልቃና እኅት ኤልሳቤት ከፈተችላቸው፤ ከወንድሟ ቀብር ወዲህ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። ሙሽሮች የሚቆሙበት ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ እንደተዘረጋ ነበር። ኦቦ ጎበና ለሙሽራ የተዘጋጀው ባለ ወርቅ ቀለም ወንበር ላይ ተቀመጡና ሶፋው ላይ ቦታ ሲፈልጉላቸው «ተዉት፣ ይመቻል» አሉ። ማርቲ፣ አማኑና ኤልሳቤት ሶፋው ላይ ሆኑ። ራዲያ ቁጭ በይ ብትባል እንቢ ብላ በሩ አጠገብ ቆመች። ኃላፊውም መዝገቡን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅ ስለፈለገ ሰዓቱን ያያል።

ስንዱ ከመጋረጃው ፊት ቆማ በትሯን አጠፈች።

«ከጽኑው ነገር ልጀምር» አለች። «ኢብሮ ዋዜማውን በዚያ ድንጋይ ላይ ዘሏል። ማርቲ አንሥታዋለች፣ ነጩን መስመር ሶያማ አይቶታል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩ ሰው ይሸከም ነበር። ጎህ ሲቀድ ኤልቃናን አልተሸከመም። በመሐሉ የሆነ ሰው ነካክቶታል። በምን? ኦቦ ጎበና ይንገሩን።»

«በኔ ብረት» አሉ ሽማግሌው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸውና ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። «ወይኔ ሰውዬው። በኔ ብረት።»

«ብረቱን ማንም ሊወስድ ይችላል» አለ ኃላፊው። «ኢብሮም ጭምር።»

«ኢብሮ ከሆነ፣ ሲዘልበት እየታየ ጽናቱን አረጋግጦ፣ ማታ ተመልሶ አናግቶ፣ ከዚያ ደግሞ ብቻህን አትውጣ ብሎ ተጣላ ማለት ነው። ሊገድለው የፈለገ ሰው ሂድ ነው የሚለው። እኔ ግን በዚህ አላቆምኩም፤ ያ ድንጋይ መነቃነቁን የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ። ልብ በሉልኝ። ኢብሮ የሚያውቀው ጽኑውን ድንጋይ ነው። ኤልቃና መነቃነቁን ያወቀው እየወደቀ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ገደል ሥር ነው ያለው፣ የወጣም ሰው የለም። ያ ድንጋይ የተነቃነቀው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት በእጁ ወይም በእግሩ ያልነካው ሰው ሊያውቀው አይችልም።»

ፊቷን ወደ ሶፋው አዞረች።

«አማኑ፣ ፎቶውን ስታሳየኝ ጣቴን ከወረቀቱ ውጪ አወጣኸው። ፎቶው የማያሳየውን ቦታ፣ ወጥቼ አላውቅም ያልከውን ቦታ አሳየኸኝ። ጀርባ የሚደገፍበትን ግድግዳ፣ ጉልበት የሚገባበትን ጎድጓዳ ነገርከኝ። ከዚያም በቀኝ ያለችው ድንጋይ ትነቃነቃለች፣ እንዳይረግጡ አልከኝ።»

«ከኢብሮ ሰምቼ ይሆናላ» አለ አማኑ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «ወይ ፖሊሶቹ ድንጋይ ከዳው ሲሉ...»

«ከኢብሮ ብትሰማ ኖሮ ጽኑ ናት ትለኝ ነበር። ፖሊሶቹ ከታች ሆነው ያዩት የወደቀ ድንጋይ ነው፤ በቀኝ ይሁን በግራ አያውቁም። አንተ ደግሞ ነበረች አላልክም። ትነቃነቃለች ነው ያልከኝ፣ ትተሃት እንደወረድከው።»

ኤልሳቤት ከአማኑ ጎን ተነሥታ ሄዳ ግድግዳው ሥር ቆመች።

«ልትገድለው አስበህ አይመስለኝም» አለች ስንዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፎቶ ለማንሣት ነው የወጣኸው።»

ከዚያ በኋላ አማኑ የተናገረው በስብርባሪ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከኤልቃና ጋር ጎን ለጎን ቆመው ያነሣሉ፤ ቦታው አንድ፣ ብርሃኑ አንድ፣ ሰው ግን የሚያደንቀው የኤልቃናን ነው። በዚያን ዕለት ኢብሮ ከወረደ በኋላ ሌሎቹ ራት ሲያዘጋጁ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ተለይቶ ቅስቱ ጥግ ወጣ። የመጨረሻዋ ፀሐይ አገኘችውና በሕይወቱ አንሥቶ የማያውቀውን ፎቶ አነሣ። ጠዋት ኤልቃና እዚያው ቆሞ የተሻለ እንደሚያነሣ አሰበ። ያን ጊዜ መቆሚያውን ላጥፋው አለ። ብረቱን ይዞ ተመለሰ፤ ድንጋዩ ወድቆ ቦታው ባዶ ቢሆን ማንም አይወጣም ነበር። ድንጋዩ ግን ላላ እንጂ አልወደቀም። ጨለመ፣ ለራት ተጠራ፣ ወረደ።

«ፎቶውስ?» አለ ሶያማ።

አማኑ ከኪሱ የካሜራ ካርድ አወጣ። ሊያጠፋው ደጋግሞ ሞክሮ እንዳልቻለ ተናገረ። ሶያማ እዚያው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ከፈተው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አዩት፤ ማርቲ ፊቷን ሸፈነች። ከቅስቱ ሥር፣ በፎቶው ታችኛው ጥግ፣ ነጭ መቀነት ያላት ጠፍጣፋ ድንጋይ ገና በቦታዋ ነበረች።

ስንዱ ምን እንደሚታይ አልጠየቀችም። ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«ጠዋት ኤልቃና ከድንኳኑ ሲወጣ ተኝተህ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ለኔ ወረቀት ላይ ላለ ድንጋይ ተጠንቀቂ አልከኝ፣ አማኑ። እሱንስ?»

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት ተፍኪ፣ ተፍኪ እያለ ይጣራል።

«ብነግረው» አለ አማኑ፣ «እንዴት አወቅክ ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ አልነበረም። ሶያማ አማኑን ይዞ ወጣ። ኃላፊው ሰዓቱን ማየት ትቶ፣ ቃሉ ተጽፎ በደብዳቤ እንዲላክ፣ የዚያ አካባቢ ፖሊስ ሲደርሰው ኢብሮን እንደሚፈታ ተናገረ።

«መቼ ነው የሚደርሳቸው?» አለች ራዲያ። ቤቱ ውስጥ ከገባች ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ስንዱ ያን ጊዜ የሳምንቱ ንዴት ሁሉ መጣባት፤ የተቋረጠው ስልክ፣ የጠፋው አንሺ፣ በጠረጴዛው ላይ የሚመታው ጣት። መዝገቡን ከኃላፊው እጅ ወሰደችው።

«ኦቦ ጎበና» አለች፣ «መኪናዎ በረሃ ይወርዳል?»

«ሲወርድ ነው የኖረው» አሉ ሽማግሌው፣ ከሙሽራው ወንበር እየተነሡ።

ራዲያ ሱቋን የሚዘጋላት ሰው ለመፈለግ እንኳ አልሄደችም። ከሁሉም ቀድማ ወጥታ የመኪናውን በር ከፍታ ገባች።